ስለ ማይክሮኳዛሮች ፈጣን የራዲዮ መለዋወጥ የተጻፉ ጥናቶች ሲመዘኑ

በዚህ ጽሑፍ ልንመዝን ያሰብነው ማይክሮኳዛር ስለሚባሉት የሰማይ አካላት ግንፈላና ስለ ራዲዮ ሞገዳቸው ፈጣን መለዋወጥ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ከታተሙት ጥናቶች ዋና ዋናዎቹን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ጸሓፊዎቹ በሙያቸው የተመሰከረላቸው ሊቃውንት ሲሆኑ እኛ ገና ተማሪዎች ነን፤ ሆኖም የታተመ ቍጥር ለሊቅም ለተማሪም እኩል የተከፈተ ስለ ሆነ፥ ቍጥሮቻቸውን ወስደን እንደ ገና ለማስላት አልፈራንም። ስናሰላም ከምስጋናው ጋራ የሚነገር አንዳንድ ነቀፌታ አገኘን።

አስቀድሞ ነገሩ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንናገር። ማይክሮኳዛር ጥቁር ጉድጓድ ከአንድ ተራ ኮከብ ጋራ ተጣምሮ የሚዞርበት፥ ከጓደኛውም ላይ ጋዝ እየሳበ የሚኖርበት ጥንድ ነው። የተሳበው ጋዝ በቀጥታ አይወድቅም፤ እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ እየተሽከረከረ እጅግ ይግልና ኤክስሬይ ያወጣል። ከሰፌዱ እምብርት ደግሞ ሁለት ጅረቶች አንዱ ወደ አንድ ወገን፥ ሁለተኛውም ወደ ተቃራኒው ወገን፥ ለብርሃን በሚቀርብ ፍጥነት ተወንጭፈው ይወጣሉ። በጅረቶቹ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች በመግነጢስ ኀይል ተጠምዝዘው ሲሮጡ የሚሰጡት ሞገድ ነው በምድር ላይ በራዲዮ ቴሌስኮፕ የሚሰማው። ጥንዱ ለወራት ወይም ለዓመታት ጸጥ ብሎ ይቈይና አንድ ቀን እንደ ወተት ይገነፍላል። በ1972 መስከረም ላይ ሲግነስ ኤክስ-3 የተባለው በካናዳ አልጐንኲን ቴሌስኮፕ ሲታይ በድንገት ገንፍሎ ከ20 ጃንስኪ በላይ የደረሰበት ጊዜ የዚህ ጥናት መጀመሪያ ነው ለማለት ይቻላል። ጃንስኪ የራዲዮ ድምቀት መለኪያ ነው።

ከነዚህ ሁሉ የበለጠ የተጻፈለት ጂ. አር. ኤስ. 1915+105 የሚባለው ነው። በ1992 ነሐሴ ላይ ግራናት በምትባለው ሰው ሠራሽ ሳተላይት ላይ የነበረው ዎች የተባለ መሣሪያ አገኘው። ስሙ በከፊል አድራሻው ነው፤ 1915 የሚለው በሰማይ ካርታ ላይ 19 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ለማለት ነው። ከሰማይ ወገብ ወደ ሰሜን ያለው ርቀት ደግሞ 11 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት የጐደለው ነው። ይህን ቍጥር ለአንባቢያችን የምናነሣው በከንቱ አይደለም። ብቸና በ10 ዲግሪ ከ27 ደቂቃ፥ ሞጣ በ11 ዲግሪ ከ5 ደቂቃ ሰሜን ላይ ይገኛሉ፤ በሁለቱ መካከል በመንገዱ ላይ ጉንደ ወይን አለች። እንግዲህ ይህ የሰማይ አካል በየቀኑ አንድ ጊዜ በጉንደ ወይን ሰው አናት ላይ ቀጥ ብሎ ያልፋል ማለት ነው፤ ልዩነቱ ከግማሽ ዲግሪ ገደማ አይበልጥም። በሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት ፀሐይ በቀትር አናት ላይ ስትቆም፥ የሰውም ጥላ ከእግሩ ሥር ሲገባ፥ ፀሐይዋ የምትሄድበት መንገድ ያው የርሱ መንገድ ነው። በዐይን ግን አይታይም። የሚታየው በንስር ኅብረ ኮከብ ውስጥ ያለችው ብሩህዋ አልታይር ናት፤ ክንድን ዘርግቶ በጭብጥ ለሚለካ ሰው፥ ከአልታይር ወደ ምዕራብ አንድ ጭብጥ ያህል ሲሄዱ ቦታው እርሱ ነው። በመካከላችን ያለው የጋላክሲው ትቢያ ብርሃኑን ውጦ ስለሚያስቀረው ትልቅ የብርሃን ቴሌስኮፕ እንኳ ይቸገርበታል፤ የራዲዮ ሞገድ ግን ትቢያውንም የክረምቱንም ደመና ያልፋል።

(ነገሩ በጐጃም ብቻ የተወሰነ አይደለም። ኤስ. ኤስ. 433 የተባለው፥ ጅረቶቹ በ162 ቀን አንድ ጊዜ እየተንገዋለሉ የሚዞሩት ማይክሮኳዛር በያቤሎ ሰማይ አጠገብ ያልፋል፤ በ2018 የገነፈለው ማክሲ ጄ1820+070 ደግሞ በሐዋሳ አናት አጠገብ። የአገራችን ሰማይ ለዚህ ትምህርት የተመቸ መሆኑን ለማመልከት ያህል ነው።)

አሁን ወደ ጥናቶቹ እንግባ። ፊተኛው ሚራቤልና ሮድሪገዝ በ1994 በኔቸር መጽሔት ያወጡት ነው። በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ ጂ. አር. ኤስ. 1915+105 ሁለት የራዲዮ ጓሎችን ወረወረ፤ እነርሱም በአሜሪካ አገር ኒው ሜክሲኮ በሚገኘው ቪ. ኤል. ኤ. በተባለው የቴሌስኮፖች ጉባኤ ከሳምንታት በላይ ተከታተሏቸው። አንደኛው ጓል በቀን 17.6፥ ሁለተኛው በቀን 9.0 ሚሊ አርክ ሰከንድ ከመካከሉ ይርቁ ነበር፤ አንድ ሚሊ አርክ ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600,000ኛ ክፍል ነው። በ1994 ይታመን የነበረው ርቀት ወደ 41,000 የብርሃን ዓመት ስለ ነበረ፥ ፊተኛው ጓል በብርሃን ፍጥነት 1.25 እጥፍ የሚሄድ መስሎ ታየ። በጋላክሲያችን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ የመጀመሪያው ስለ ሆነ ዝናው ወዲያው ወጣ።

ከብርሃን የፈጠነ የለም፤ መስሎ የመታየቱን ምክንያት ለመረዳት ከሞጣ ወደ ጉንደ ወይን የሚመጣ መንገደኛ እናስብ። በየደረሰበት መንደር «ደርሻለሁ» የሚል መልእክተኛ ወደ ፊት ይልካል፤ ነገር ግን ራሱም ከመልእክተኞቹ እምብዛም ሳይዘገይ ይከተላቸዋል። ጉንደ ወይን ላይ ተቀምጦ መልእክቶቹን የሚቀበል ሰው ሁሉም በላይ በላዩ ተከታትለው ስለሚደርሱት፥ መንገደኛው መንገዱን በቅጽበት የጨረሰ ይመስለዋል። ወደኛ በዘመመ አቅጣጫ የሚወረወረው ጓልም የሚያሳየን ይህንኑ ነው። ስለዚህ «ከብርሃን የፈጠነ» የሚለው አነጋገር በአማርኛ ሲጻፍ «የፈጠነ መስሎ የታየ» ተብሎ ቢታረም ደስ ይለናል፤ አለዚያ ተማሪው ከአንስታይን ትምህርት ጋራ የተጣላ ነገር የሰማ ይመስለዋል።

ነገር ግን የኛ ነቀፌታ ከዚህ የጠለቀ ነው። በ1994ቱ ሥራ ውስጥ በእውነት የተለካው 17.6ና 9.0 ነው፤ 1.25 ግን ከተለካው ላይ ርቀት ተባዝቶበት የወጣ ነው። በ2014 ሪድና ባልደረቦቹ ርቀቱን የምድርን ዓመታዊ ጕዞ መሠረት በማድረግ በቀጥታ ሲለኩት ወደ 28,000 የብርሃን ዓመት ሆኖ ተገኘ። ያንኑ 17.6 በዚህ አዲስ ርቀት ብናባዛው የሚታየው ፍጥነት 0.87 ይሆናል። ከብርሃን የሚያንስ ነው! ለዝናው ምክንያት የነበረው ነገር በአንድ የርቀት መታረም ጠፋ ማለት ነው። እውነት ነው፥ በ1997 በእንግሊዝ አገር መርሊን በተባለው ጉባኤ ፌንደርና ባልደረቦቹ ሌላ ውርወራ ሲለኩ በቀን 23.6 አግኝተዋልና፥ እርሱ በአዲሱም ርቀት 1.17 ስለሚመጣ፥ ክስተቱ በጠቅላላው አልፈረሰም። የፈረሰው የ1994ቱ ቍጥር ነው። ይሁን እንጂ ይህ 1.25 እስከ ዛሬ በመግቢያ መጻሕፍትና በተማሪ ማስታወሻ ላይ ያለ ምንም ማሳሰቢያ ሲገለበጥ እናያለን።

ይህን ስንል ሚራቤልንና ሮድሪገዝን አንወቅስም። እነርሱ ርቀቱን በግልጽ ጽፈዋል፤ ከዚህም በላይ ከርቀት ጋራ ምንም ጉዳይ የሌለውን ቍጥር ሰጥተውናል። የሁለቱ እንቅስቃሴ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል (8.6 ለ26.6) 0.32 ይሆናል፤ ይህም የጓሉ ፍጥነት ወደኛ በኩል የዘመመበትን መጠን የሚያሳይ ሲሆን፥ ርቀቱ ቢለወጥም አይለወጥም። ወቀሳው የሚገባው ጠንካራውን ቍጥር ትተው ደካማውን ላስተማሩ ነው። 0.32ትን አንባቢ ያስታውስልን፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

ሁለተኛው የጥናት ዘመን የደቂቃዎች ዘመን ነው። ፑሊና ፌንደር በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ በካምብሪጅ የሚገኘው የራይል ቴሌስኮፕ በ2 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ሲከታተለው፥ ጂ. አር. ኤስ. 1915+105 በየ20 እስከ 40 ደቂቃ ከፍ ዝቅ እያለ እንደሚተነፍስ አሳዩ። በሚቀጥለው ዓመት ሚራቤልና ባልደረቦቹ ኤክስሬዩን፥ ኢንፍራሬዱንና ራዲዮውን በአንድ ጊዜ ተመልክተው ቅደም ተከተሉን አወጡ፤ ፊት ኤክስሬዩ ይደክማል፥ ቀጥሎ ኢንፍራሬዱ ይነሣል፥ ከዚያም ራዲዮው፥ በራዲዮውም ውስጥ አጭሩ ሞገድ ከረጅሙ ይቀድማል። የሰፌዱ ውስጠኛ ክፍል ሲጐድል ያ የጐደለው ጅረት ሆኖ ተወርውሮ፥ እየሰፋም እየቀዘቀዘ ሄደ ተባለ። ይህ ሥራ እጅግ የተዋበ ነው፤ ተማሪም በቀላሉ ይይዘዋል። የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው። በአንድ ጥንድ ላይ በጥቂት ቀናት የታየው ቅደም ተከተል ለሁሉ ማይክሮኳዛር እንደ ሕግ መጠቀሱ አይገባም። ራሱ ጂ. አር. ኤስ. 1915+105 እንኳ ከ2018 ወዲህ ኤክስሬዩ ሲደክም፥ ራዲዮው ግን መገንፈሉን አልተወም።

የደቂቃው ዘመን ትልቁ ፈተና የመጣው በ2015 ሰኔ ላይ፥ ቪ404 ሲግኒ ከ26 ዓመት ዝምታ በኋላ በገነፈለ ጊዜ ነው። ቴታሬንኮና ባልደረቦቿ በአንድ ቀን ውስጥ ለ4 ሰዓት ያህል በ8 የተለያዩ ድግግሞሾች ለክተው፥ በዚያች አጭር ጊዜ 8 ጥንድ ውርወራዎች እንደ ነበሩ አሰሉ። ሚለር ጆንስና ባልደረቦቹ ደግሞ በአሜሪካ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጉትን ቪ. ኤል. ቢ. ኤ. የተባሉ ቴሌስኮፖች ይዘው የዚያኑ ቀን ሥዕል ለማውጣት ሞከሩ። እንደ ተለመደው ሰዓቶቹን ሁሉ አንድ ላይ ደምረው ቢሥሉት የተምታታ ነገር ሆነባቸው፤ ነገሩ ሥዕሉ ሳይያዝ ይንቀሳቀሳልና። ስለዚህ ጊዜውን ቈራርጠው እያንዳንዳቸው 70 ሰከንድ ያህል የሆኑ 103 ሥዕሎች አወጡ። ያን ጊዜ ጅረቱ በደቂቃዎችና በሰዓቶች ውስጥ አቅጣጫውን እየለወጠ፥ እንደ ሾጠጠ እንዝርት እየተንገዋለለ መሆኑ ታየ። በ2019 በኔቸር የወጣው ይህ ጽሑፍ ካነበብናቸው ሁሉ የምናደንቀው ነው። ምክንያቱም አዲስ መሣሪያ ሳይጨምር፥ ድምሩን በመቈራረጥ ብቻ፥ ቀድሞ ጥፋት ይመስል የነበረውን ነገር ዋና ግኝት አደረገው። ስንት የቀድሞ ሥዕሎች ሳይቈራረጡ በመዝገብ ውስጥ ተቀምጠው ይሆን?

አሁን የዚህን ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ወደ ሆነው እንለፍ። በ2023 በኔቸር መጽሔት በዉሃን ዩኒቨርስቲ የሚገኙ የቻይና ሊቃውንት ፋስት በተባለው፥ ስፋቱ 500 ሜትር በሆነው ቴሌስኮፕ ጂ. አር. ኤስ. 1915+105ን ተመልክተው፥ በ2021 ጥርና በ2022 ሰኔ ላይ የራዲዮ ድምቀቱ በሰከንድ 5 ጊዜ ያህል ሲወዛወዝ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ሞገዱ ከ21 እስከ 29 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ውዝዋዜው ሁልጊዜ የሚኖር አይደለም፤ ይመጣል፥ ይጠፋል። በሚመጣበትም ጊዜ የሞገዱ ኤሌክትሪክ መስክ እንደ ጠመዝማዛ ብሎን እየዞረ የመምጣት ጠባይ አብሮ ታይቷል። በኤክስሬይ በኩል እንዲህ ያለ ፈጣን ውዝዋዜ ከድሮ የታወቀ ሲሆን፥ በራዲዮ ከሰከንድ በታች ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከቀረቡት ትርጓሜዎችም አንዱ የጅረቱ ሥር ከጥቁሩ ጉድጓድ አጠገብ እየተንገዋለለ ነው የሚል ነው።

መለካቱን እናደንቃለን። ትርጓሜው ግን ለኛ ገና አልበቃንም፤ የማይበቃንም በአንድ ቀላል ምክንያት ነው።

በአንድ ተረተር ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ተሰልፈው የቆሙ ብዙ ሰዎች እናስብ፤ ሁሉም በአንድ ምልክት በአንድ ቅጽበት ያጨበጭባሉ። በተረተሩ ጫፍ የቆመ ሰሚ ግን አንድ ጭብጨባ አይሰማም። የቅርቡ ሰው ድምፅ ወዲያው ይደርሰዋል፥ የሩቁ ሰው ግን ሦስት ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይመጣል፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ብቻ ይሄዳልና። በሰከንድ አምስት ጊዜ ቢያጨበጭቡ የፊተኛው ጭብጨባ መጨረሻ ከአሥራ አምስተኛው መጀመሪያ ጋራ ስለሚደባለቅ፥ ሰሚው ዘንድ የሚደርሰው እንደ ዝናብ የማያቋርጥ ጩኸት ነው። ምቱ እንዲለይ ካስፈለገ ሰልፉ ከ68 ሜትር ያነሰ መሆን አለበት።

ለብርሃንም ሕጉ ይኸው ነው። በ0.2 ሰከንድ ብርሃን የሚሄደው 60,000 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ የሚወዛወዘው ክፍል ከዚህ ብዙ መብለጥ የለበትም። ጥቁሩ ጉድጓድ ራሱ የፀሐይን 12 እጥፍ ያህል የሚከብድ ሲሆን፥ ብርሃን የማያመልጥበት ድንበሩ ከመካከሉ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ 60,000 ኪሎ ሜትር ለጥቁር ጉድጓድ ሰፊ ግቢ ነው፥ ከዚህ በኩል ምንም ችግር የለም። ችግሩ ራዲዮው የሚወጣው ከዚያ ግቢ ነው ወይ የሚለው ነው። ዳዋንና ባልደረቦቹ በ2000 ባሳተሙት ሥራ የዚህን አካል መካከለኛ ጅረት በሥዕል ለይተው፥ ርዝመቱ ከምድር እስከ ፀሐይ ያለውን ርቀት በአሥር የሚቈጠር እጥፍ ያህል እንደሚሆን፥ ሞገዱም በረዘመ መጠን የሚታየው ጅረት እንደሚረዝም አሳይተዋል። ከምድር እስከ ፀሐይ ያለውን አንዱን ርቀት ብቻ ብንወስድ ብርሃን 500 ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚያ ውስጥ 2,500 ውዝዋዜዎች ይገባሉ። ይህ የተረተሩ ሰልፍ ነው እንጂ የ68 ሜትሩ አይደለም።

አይ፥ የሚወዛወዘው ራዲዮ ከትንሿ ግቢ ነው የሚወጣው የሚል ቢኖር ደግሞ ሌላ ግድግዳ ይገጥመዋል። ለምሳሌ ያህል የሚወዛወዘው ድርሻ የአንድ ጃንስኪ መቶኛ ነው ብንል፥ ያን ያህል ራዲዮ ከ60,000 ኪሎ ሜትር ስፋት በ28,000 የብርሃን ዓመት ርቀት እንዲደርሰን የአካሉ የድምቀት ሙቀት ምን ያህል መሆን አለበት? አስልተነው ከ10 በ18 ዜሮ ከተጻፈ ቍጥር በላይ ዲግሪ መጣልን። ኬለርማንና ፓውሊኒ ቶት በ1969 እንዳሳዩት፥ ኤሌክትሮኖች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው በሚሰጡት ተራ የጅረት ሞገድ ከ10 በ12 ዜሮ ከተጻፈ ዲግሪ ማለፍ አይቻልም፤ ከዚያ በላይ ኤሌክትሮኖቹ የገዛ ሞገዳቸውን ወደ ኤክስሬይ እየገፉ ኀይላቸውን በቶሎ ይጨርሳሉና። የኛ ሂሳብ ከዚህ ወሰን በሚሊዮኖች እጥፍ ያልፋል። የመቶኛው ግምት በአሥር ቢቀነስ ወይም ቢጨመር ፍርዱ አይለወጥም።

በኳዛሮች ላይ እንዲህ ያለ ችግር ሲመጣ የተለመደው መውጫ፥ ጅረቱ ቀጥ ብሎ ወደኛ ስለሚመጣ ድምቀቱ ተጋኖ ጊዜውም አጥሮ ይታያል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ነው ከላይ ያስቀመጥነው 0.32 የሚያስፈልገው። ከርሱና ከአዲሱ ርቀት ጅረቱ ከኛ እይታ 60 ዲግሪ ያህል የዘመመ መሆኑ ይወጣል፤ በዚህ አቅጣጫ የሚጨመረው ማጋነን 1.1 ያህል ብቻ ነው። የ1997ቱን ውርወራ ብንወስድም ከ1 አይርቅም። ጅረቱ ወደኛ አያይም፤ ስለዚህ መውጫው ለኳዛር እንጂ ለዚህ አልተሠራም። በስም «ማይክሮኳዛር» መባሉ የታላቁን መድኀኒት ሁሉ ለትንሹ እንድናዝለት አያስፈቅድም።

ታዲያ ውዝዋዜው ሐሰት ነው ማለታችን ነውን? አይደለም። ፋስት 19 ጆሮዎች ያሉት መቀበያ ስላለው፥ ከምድር የሚነሣ ሁከት ቢሆን ኖሮ በጎረቤቶቹ ጆሮዎች ላይም ሊሰማ ይችላል፤ ይህ ጥሩ መፈተኛ ነው። በሁለት የተለያዩ ዓመታትም ተገኝቷል። ለኛ የበለጠ የሚመስለን፥ ሞገዱ ኤሌክትሮኖች እንደ ማኅሌት ዘማሪዎች በአንድነት ሲወዛወዙ የሚወጣ፥ በፑልሳሮች ላይ እንደሚታየው ያለ ሊሆን ይችላል የሚለው ነው፤ ያን ጊዜ የ12 ዜሮው ወሰን አይመለከተውም፤ እየዞረ የሚመጣው ጠባዩም ለዚህ ሐሳብ አይጠላም። ግን ይህ ሐሳብም ዕዳ አለበት። ከጥቁሩ ጉድጓድ አጠገብ የወጣ የ20 ሴንቲ ሜትር ሞገድ በዙሪያው ያለውን ጥቅጥቅ ጋዝ እንዴት አልፎ እንደሚወጣ መናገር ይኖርበታል። «ጅረቱ ተንገዋለለ» የሚለው ትርጓሜ የሚስበው በቪ404 ሲግኒ ላይ መንገዋለል በዐይን ስለ ታየ ነው። ዳሩ ግን እዚያ የታየው በደቂቃ ነው፥ እዚህ የተባለው በሰከንድ አምስተኛ ነው፤ አንዱ ለሌላው ምስክር አይሆንም።

ፋስት አንድ ቴሌስኮፕ ነው፤ እጅግ ቢሰማም ሥዕል አይሥልም። ውዝዋዜው ከመካከሉ ይሁን ቀድሞ ከተወረወረ ጓል ለይቶ ሊነግረን አይችልም። ደግሞም ይህን አካል በቀን 5 ሰዓት ከሩብ ያህል ብቻ ነው ሊከተለው የሚችለው፤ ከአናቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ማዘንበል አይችልምና። እኛ እንዳሰላነው በሐምሌ 5 ገደማ ፋስት ከተወው በኋላ በአገራችን ሰዓት ከሌሊቱ 4 ሰዓት ተኩል ሲሆን፥ ኮከቡ ለጉንደ ወይን ወደ አናት ሊደርስ ገና 30 ዲግሪ ያህል ይቀረዋል፤ አናት ላይ የሚደርሰው በ6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት የሚሰሙት በሕንድ አገር ፑኔ አጠገብ ያለው ጂ. ኤም. አር. ቲ.፥ በደቡብ አፍሪካም 64 ሳሕኖች ያሉት ሚርካት ናቸው፤ ሚርካት ግን ከአድማስ ከ48 ዲግሪ ከፍ አድርጎ አያየውም። ይመጣል ይጠፋል የተባለ ነገር ሲፈለግ ተራው ሳይቋረጥ ከአገር ወደ አገር መቀባበል አለበት። የታተሙት ጽሑፎች ስለ መጥፋቱ ሲናገሩ፥ ምልክቱ የጠፋበትና ቴሌስኮፑ የተወበት ሰዓት ተለይቶ ሊታወቅ ይገባል።

የስኩዌር ኪሎ ሜትር አሬይ የአፍሪካ ተባባሪዎች ስምንቱ አገሮች ቦትስዋና፥ ጋና፥ ኬንያ፥ ማዳጋስካር፥ ሞሪሸስ፥ ሞዛምቢክ፥ ናሚቢያና ዛምቢያ ናቸው፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። ጋና የድሮ የስልክ ሳተላይት ሳሕን የነበረውን 32 ሜትር በኩንቱንሴ አድሳ በ2017 ወደ ራዲዮ ቴሌስኮፕነት ለውጣዋለች። በኛ በኩል በእንጦጦ፥ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ገደማ ላይ፥ ሁለት ባለ አንድ ሜትር የብርሃን ቴሌስኮፖች አሉን። ለጂ. አር. ኤስ. 1915+105 አይሆኑም፤ ለቪ404 ሲግኒ ዐይነቱ ግን ከበቂ በላይ ናቸው። በ2016 ኪሙራና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፥ የ2015ቱን ግንፈላ ፈጣን የብርሃን ውዝዋዜ የያዙት በብዙ አገሮች የተበተኑ ትናንሽ ቴሌስኮፖች ነበሩ፤ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ይበቃል ብለዋል። የሚያስፈልገው ጥሪ ሲመጣ በዚያው ሌሊት የሚነቃ ሰው ነው።

ራዲዮውን በምሥራቅ ጐጃም ለመስማት ለሚያስብ ደግሞ አንድ የታወቀ ችግር እንጠቁም። የምድር መግነጢስ ወገብ በአገራችን ላይ ያልፋል፤ የዩኒቨርስቲ ኮሌጁ የጂኦፊዚክስ ጣቢያ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት በ1957–58 በአባ ፒየር ጕዊን እጅ በአዲስ አበባ የተመሠረተውም በዚሁ ጥቅም ምክንያት ነበር። በዚህ ወገብ አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የላይኛው አየር ኤሌክትሪክ ተሰባብሮ የራዲዮ ምንጮችን በሰከንዶች ውስጥ ያርገበግባቸዋል፤ ፀሐይ ነጠብጣቧ በበዛበት ዘመን፥ በተለይም በመስከረምና በመጋቢት፥ ይብሳል። ይህ መርገብገብ ሥርዓት የለውም፥ በሰከንድ አምስት ጊዜ እየቈጠረ አይመታም፤ ሆኖም ያላወቀውን ሰው ያታልላል። ስለዚህ ተመልካቹ በዚያው ሰዓት በዚያው ሰማይ አጠገብ ካለ ሌላ ጸጥ ያለ ምንጭ ጋራ እያነጻጸረ መመዝገብ ይኖርበታል፤ ሁለቱ አብረው ከተርገበገቡ ጥፋቱ የኛው አየር ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርስቲ የላይኛውን አየር የሚያጠናው የዋሸራ የምርምር ክፍል ከጉንደ ወይን ሩቅ አይደለም፤ የአየሩን መዝገብ ከዚያ፥ የኮከቡን መዝገብ ከዚህ ወስዶ በሰከንድ በሰከንድ ማስተያየት ይቻላል።